ቀን ሙቀት፣ ሌሊት ብርድ፦ ስለ ጓሮ ቲማቲም ለጠየቃችሁ

ጥያቄ፦ ገላን አካባቢ ጓሮዬ ውስጥ 3 በ5 ሜትር የፕላስቲክ ቤት ሠርቻለሁ። «ሙቀት ይችላል» የተባለ ዘር ተከልኩ፤ ቅጠሉ ያምራል፣ አበባው ግን ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል። ዘሩ ይሆን ያታለለኝ?

መልስ፦ ዘሩን ከመውቀስዎ በፊት አንድ ቴርሞሜትር ገዝተው አበባው ባለበት ከፍታ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይነካው ቦታ ይስቀሉ። የቲማቲም የአበባ ብናኝ ቀን ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ሌሊት ደግሞ ከ21 በላይ ሲቆይ ወይም ከ13 በታች ሲወርድ ይደክማል። ያልዳበረችው አበባ አንገቷ ላይ ካለችው ጉልበት ቢጫ ሆና ትወድቃለች። ሙቀት ቻይ ዘር የሚጨምርልዎት ጥቂት ዲግሪ ነው። ተዘግቶ የዋለ የፕላስቲክ ቤት ግን በየካቲትና በመጋቢት እኩለ ቀን ላይ 40 ሊደርስ ይችላል፤ ያን ያህል ሙቀት ችሎ በደንብ ፍሬ የሚይዝ ቲማቲም የለም። ደግሞም ቆላ ላይ የሚያስቸግረው ሌሊትም የማይለቅ ሙቀት ሲሆን፣ አዲስ አበባ ዙሪያ ግን ቀን የጋለው ቤት ሌሊት በብርድ ይመታል። የዘሩ እሽግ ላይ የተጻፈው ስለዚህ ብርድ ምንም አይነግርዎትም።

ጎኖቹን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ጠቅልለው ያንሱ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ያውርዱ። የጋለ አየር ወደ ላይ ስለሚሸሽ ጣሪያው ሥርም ክፍተት ይተዉለት። ንፋስ የማይገባበት ቤት ከሆነ በየ2 ቀኑ ከረፋዱ 4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ተክሉ የታሰረበትን ሲባጎ በጣትዎ መታ መታ ያድርጉ። ጥቁር ወረቀት ከአበባው ሥር ይዘው ሲመቱት ቢጫ ዱቄት ከረገፈ ብናኙ እየወጣ ነው። ምንም ካልወረደ መጀመሪያ የሚፈተሸው ቴርሞሜትሩ ነው።

ጥያቄ፦ ለሰላጣ የሚቆረጥ ትልቅ ቲማቲም እፈልጋለሁ። የትኛውን ልዝራ? (ከለገጣፎ)

መልስ፦ ሮማ ሥጋው ወፍራም ስለሆነ ለስልስ ይሁንዎት። ለሰላጣ ቢሾላ፣ ፈጣን ወይም ማርግሎብ የሚባሉት ዝርያዎች ይሻላሉ። ቢሾላና ፈጣን ከመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡ ናቸው፤ መልካሳ ደግሞ ከባሕር ወለል 1,550 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ሞቃት ቦታ ነው። እናንተ ጋ ከዚያ ስለሚቀዘቅዝ ፍሬው እስኪበስል እሽጉ ላይ ካለው ቀን 2 ወይም 3 ሳምንት ቢጨምር አይደንግጡ። ማርግሎብ ስለሚረዝም 1.8 ሜትር እንጨት ይትከሉለት። ዲቃላ (ሃይብሪድ) ዘር ከገዙ ግን ከፍሬው የለቀሙት ዘር እናቱን አይመስልም፤ በየዓመቱ መግዛት ግድ ነው።

ጥያቄ፦ ፍሬው ከታች ጠቁሮ ቆዳ እየመሰለ ይበሰብሳል። ምን ዓይነት መድኃኒት ልርጭ? (ከቡራዩ)

መልስ፦ ምንም አይርጩ፤ ተላላፊ በሽታ ሳይሆን ፍሬው ጫፍ ላይ የካልሲየም እጥረት ነው። ካልሲየም የሚጓዘው ከውሃ ጋር ነው። ሦስት ቀን አድርቀው በአራተኛው ሲያጥለቀልቁት ፍሬው ጫፍ ድረስ አይደርስም። ዩሪያ ማብዛትም ያባብሰዋል፤ ቅጠሉ ተሽቀዳድሞ ካልሲየሙን ይወስደዋል። በሞቃት ቀን ፍሬ የያዘ አንድ ተክል 2 ሊትር ያህል ይፈልጋል፤ አንድ 20 ሊትር ጀሪካን ለ10 ተክል መሆኑ ነው። ጠዋት ጠዋት ሥሩ ላይ ያጠጡ። ከዚያ የጤፍ ጭድ ከ5 እስከ 7 ሳ.ሜ. ያህል ይጎዝጉዙ፣ ግንዱን ግን አያስነኩት። በየቀኑ ማጠጣት ካልተመቸዎት ክዳኑ በመርፌ የተበሳ የሃይላንድ ጠርሙስ ቂጡን ቆርጠው በአፉ ይቅበሩ፤ ውሃው ቀስ እያለ ይወርዳል። የጠቆረውን ፍሬ ቀጥፈው ይጣሉ፣ ቀጣዩ ዘለላ ጤነኛ ሆኖ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ቆርቆሮ አጥር ሥር ያለው ቲማቲም ቢጫ ሆኖ ቀረ፤ አይቀላም።

መልስ፦ ከ30 ዲግሪ በላይ ቀዩ ቀለም በደንብ አይሠራም። ገና ሮዝ ሲያነካካው ለቅመው ቤት ውስጥ ጥላ ላይ ያብስሉት። ፍሪጅ ግን አይግባ። አጥሩ ሥር ያለው ፍሬ ፀሐይ አቃጥሎት ነጭ ጠባሳ ካወጣ ደግሞ ቅጠል አብዝተው ቆርጠዋል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ሱሉልታ መቼ ልትከል?

መልስ፦ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ችግኝ ይገድላል። ጥር መጀመሪያ ላይ ቤት ውስጥ ዘርተው፣ ችግኙ 5 ሳምንት ሲሞላው፣ በየካቲት አጋማሽ ያውጡት። ክረምት ከገባ ምች የሚባለው የተክል በሽታ ቅጠሉን በጥቂት ቀናት ያቃጥለዋልና ከሰኔ መጨረሻ በፊት አብዛኛውን ፍሬ ለቅመው ይጨርሱ።