ትርፍ ኪሎ ላለመክፈል፦ የመንገደኞች ጥያቄና መልስ

ደሴ ላይ የአውሮፕላን ቲኬት ስቆርጥ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። ዛሬ ስለ ሻንጣ ጠይቁኝ። አደራ፣ ከየት ወዴት እንደምትሄዱና ቲኬቱ ላይ ምን እንደተጻፈ ንገሩኝ።

ከሐይቅ፦ ጋሼ፣ ስንት ኪሎ ይፈቀዳል?

መልስ፦ ወዴት? ቲኬቱ ምን ይላል?

ከኮምቦልቻ፦ እህቴ ጅዳ ልትሄድ ነው። እስከ አዲስ አበባ ያለውን ለብቻ ብንቆርጠው ይረክሳል አሉን። ኪሎው ላይ ችግር አለው?

መልስ፦ አለው እንጂ! በአንድ ቲኬት ከኮምቦልቻ ጅዳ ከተቆረጠ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለውጭ በረራ የሚፈቀደው ኪሎ ከኮምቦልቻ ይጀምርላታል። ሁለት ቲኬት ከሆነ ኮምቦልቻ ላይ የሚታየው የአገር ውስጡ ነው። እሱ ያንሳል። ከቲኬቱ ያተረፋችሁት ብር ሚዛኑ ላይ ያልቃል። ሽሮና በርበሬዋን ሚዛኑ ሥር ዘርግፋ የምታለቅስ ልጅ አይቻለሁ፤ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ደግሞ ቲኬቱን በደንብ እዩት። በሻንጣ ቁጥር የተፈቀደ ከሆነ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ይመዘናል። ሁለት ባለ 23 ኪሎ ተፈቅዶላት አንዱ 27፣ ሌላው 19 ቢመዝን፣ ድምሩ 46 ቢሆንም ለባለ 27ቱ ትርፍ ትከፍላለች። አራቱን ኪሎ ወደ ቀላሉ ብታዞር ግን ምንም አትከፍልም። በጠቅላላ ኪሎ ከሆነ የሚታየው ድምሩ ነው። ስለዚህ ቤት መዝኑ! ሚዛን ላይ መጀመሪያ ባዶ እጃችሁን፣ ቀጥሎ ሻንጣውን ይዛችሁ ውጡ። ልዩነቱ የሻንጣው ኪሎ ነው።

ከወልዲያ፦ ምን አደከማችሁ? ከደሴ በአውቶብስ አዲስ አበባ መውረድ ነው። 400 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው።

ከባቲ፦ አውቶብስስ ቢሆን ረዳቱ የጭነት ያስከፍል የለ? እኔ በሁለት ካርቶን ከፍያለሁ።

ከወልዲያ፦ ስላልተከራከርክ ነዋ!

መልስ፦ ወንድሞቼ፣ የአውቶብሱን ተዉትና ወደ ሻንጣው እንመለስ።

ከመርሳ፦ ለልጄ ጀርመን ቅቤና ቋንጣ ልልክ ነው። በእጅ ሻንጣ ይሻላል?

መልስ፦ በየትኛውም አይሆንም እናቴ። ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከእኛ አገር ወደዚያ አይገባም፤ ይወሰድበታል። በሶና በርበሬ ይላኩለት።

ከደሴ፦ ማርና ፓወር ባንክስ?

መልስ፦ ማር እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጠር ወደሚጫነው ሻንጣ። ፓወር ባንክ በእጅ ብቻ።

ከከሚሴ፦ ስንት ኪሎ ነው የሚፈቀደው?

መልስ፦ መጀመሪያ ላይ ተጠይቋል። ቲኬታችሁን እዩ። ቤት መዝኑ። ለሦስተኛ ጊዜ አልመልስም።

ከደሴ፦ ትርፉ የግድ ከሆነስ?

መልስ፦ ቀድማችሁ ግዙት። ብዙ አየር መንገዶች ዘንድ ከበረራው ቀን በፊት ሲከፈል ይረክሳል። ባዶ ሻንጣውንም መዝኑት፤ ትልቁ ደረቅ ሻንጣ ብቻውን አራት አምስት ኪሎ ይበላል።

ከሐይቅ፦ ቦታ ተረፈኝ። ጎረቤት ጅዳ አድርሽልኝ ያለችኝን የታሸገ ዕቃ ልያዝላት?

መልስ፦ አትያዢ የኔ ልጅ! እምቢ ማለት ቢከብድሽ፣ ዕቃው አንቺ ፊት ይፈታ፣ አንድ በአንድ እዪው፣ ራስሽ እሰሪው። ሳዑዲ ጫት እንኳ ክልክል ነው። በስምሽ ከተጫነ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ።