መንግሥታት ያሴራሉ የሚባለውን ማመን ይገባናልን?

ጥያቄ፦ መምህራችን ሆይ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። ወለተ ሚካኤል እባላለሁ፤ በአሜሪካ ቨርጂኒያ ውስጥ አረጋውያንን በመንከባከብ ሥራ እተዳደራለሁ። አዲስ አበባ ያሉት እናቴ የፋይዳ መታወቂያ አልወስድም በማለታቸው ባንክ ቤት እየተቸገሩ ነው። ምክንያታቸው በስልካቸው የደረሳቸው የድምፅ መልእክት ነው፤ «የዓለም መንግሥታት በስውር ተስማምተው የአውሬውን ቁጥር 666ን ሊያትሙብን ነው» ይላል። እውነቱን ልናገርና መልእክቱን የላክሁላቸው እኔ ነኝ። አሁን ተጠራጥሬ ለአንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ባልደረባዬ ባጫውታት «መንግሥት አያደርገውም አትበይ፤ በአላባማ በአያቶቻችን ላይ ያደረጉትን ታውቂያለሽ?» አለችኝ። እንዲህ ያለውን ማመን ኃጢአት ነው? ወይስ አለማመኑ ሞኝነት ነው?

መልስ፦ እኅታችን ወለተ ሚካኤል፣ መልእክቱን የላክሽው አንቺ መሆንሽን ሳትደብቂ መጻፍሽ ሥራዬን አቅልሎልኛል። ከባልደረባሽ ልጀምር፤ ያለችው እውነት ነውና። እ.ኤ.አ. በ1932 የአሜሪካ መንግሥት የሕዝብ ጤና አገልግሎት በአላባማ ግዛት፣ በቱስኬጊ አካባቢ 600 ያህል ጥቁር ወንዶችን መዝግቦ መከታተል ጀመረ። ከእነርሱ 399ኙ ቂጥኝ ነበረባቸው። ለሰዎቹ የተነገራቸው «መጥፎ ደም» አለባችሁና እናክማችኋለን የሚል ነበር። ሐኪሞቹ ግን በሽታው ሳይታከም ሲቀር ሰውን ምን እንደሚያደርገው እስከ መቃብር ድረስ ማየት ነበር የፈለጉት። ፔኒሲሊን ፍቱን መድኃኒት መሆኑ በ1940ዎቹ ታውቆ ለሌላው ሕመምተኛ ሲሰጥ እነርሱ ተከለከሉ። 40 ዓመት እንዲህ ተኖረ። በ1972 በጋዜጣ ወጥቶ ቆመ፤ ፕሬዚዳንት ክሊንተን በመንግሥት ስም ይቅርታ የጠየቁት በ1997 ነው።

የራሳችንም ቤት ታሪክ አለው። ሁለተኛው ፓትርያርካችን አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. በደርግ ተይዘው ታሰሩ፤ እርሳቸው በሕይወት እያሉ በመንበራቸው ሌላ ተተካ። በ1971 ዓ.ም. በስውር ተገደሉ። ምእመናን ለዓመታት «አባታችን የት ናቸው?» ሲሉ ኖሩ፤ ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው አፅማቸው ወጥቶ በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል በክብር ያረፈው። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1967 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ «ታመው አረፉ» ተብሎ ተነገረ፤ አፅማቸው ግን ከዓመታት በኋላ በቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ከሲሚንቶ ወለል ሥር ተገኘ። በ1972 ዓ.ም. በአንድ ደብር ጥግ «ገድለዋቸዋል» ብላ ያንሾካሾከች እናት ብትኖር ወሬኛ ልንላት አንችልም።

ስለዚህ «መንግሥት አያሴርም፤ ዝም ብለሽ እመኚ» ብዬ አልመልስልሽም። መጽሐፍ ቅዱስም እንዲህ አይልም። ኤልዛቤል በንጉሡ ማኅተም ደብዳቤ አትማ፣ ሁለት የሐሰት ምስክሮች አቁማ ናቡቴን በድንጋይ አስወግራለች፤ ያውም ጾም አሳውጃ። ጌታ በተነሣበት ማለዳ ደግሞ የካህናት አለቆች ለወታደሮቹ ብዙ ገንዘብ ሰጥተው «ተኝተን ሳለን ደቀ መዛሙርቱ ሰረቁት» እንዲሉ አስጠኗቸው። የተኛ ሰው ሌባውን እንዴት ለየው ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

እንግዲህ ሴራ አለ። ግን ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 8 ላይ የሚያስደንቅ ነገር ይናገራል፦ ይህ ሕዝብ ዱለት ነው በሚለው ነገር ሁሉ እናንተ ዱለት ነው አትበሉ፣ እርሱ የሚፈራውንም አትፍሩ ይላል። (ብዙ ወጣቶች ይህን ቃል ሲሰሙ ትዝ የሚላቸው ከጨጓራና ከጉበት የሚሠራው ምግብ ነው፤ በጾም ሳነበው ፈገግ ያሉ ተማሪዎች አሉኝ። መዶለት ማለት በምስጢር መመካከር፣ ማሴር ነው።) የሚያስደንቀው ምኑ ነው? አንድ ምዕራፍ ወደ ኋላ ብትመለሺ ዱለቱ እውነተኛ ነበር። የሶርያ ንጉሥና የእስራኤል ንጉሥ ተማክረው የይሁዳን ንጉሥ አካዝን አውርደው የጣብኤልን ልጅ ሊያነግሡ አስበው ነበር። የሕዝቡም ልብ የዱር ዛፍ በነፋስ እንደሚናወጥ ተናወጠ ይላል። ነቢዩ ሴራውን አልካደም፤ ለሴራው የሚሰጠውን ፍርሃት ነው የከለከለው። ፍርሃት የአምልኮ ወንድም ነውና። ቀጥሎም «እግዚአብሔርን እርሱን ፍሩ» የሚለው ለዚህ ነው።

አንቺ «ማመን» የሚለውን ቃል ተጠቅመሻል። እኛ ቤት ይህ ቃል ከባድ ነው፤ በጸሎተ ሃይማኖት «ነአምን» ስንል የምናመጣው ነው። ስለ መንግሥታት ለሚነገር ወሬ የሚገባው ግን ምርመራ ነው። ኦሪት ዘዳግም «ትመረምራለህ፣ ትፈትናለህ፣ ታጣራለህ» ብላ ሦስት ጊዜ የደጋገመችው ያለ ነገር አይደለም። የአገራችንም ሰው «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» ይላል።

ምርመራው ምን ይመስላል? መጽሐፈ ሶስናን አስቢ። ሁለት ሽማግሌዎች፣ ያውም ዳኞች፣ በአንድ ቃል መሰከሩባት፤ ሕዝቡም አመነ። ወጣቱ ዳንኤል ግን ሁለቱን ለያይቶ አንድ ቀላል ጥያቄ ጠየቃቸው፦ ከየትኛው ዛፍ ሥር አየሃቸው? አንዱ አንድ ዛፍ ጠራ፣ ሌላው ሌላ። በዚያች ጥያቄ የሶስና ነፍስ ተረፈች። እኔ የዚህ ዓይነት መልእክት ሲደርሰኝ ዛፉን እጠይቃለሁ። ማን አየ? የት? መቼ? ስሙ ምንድን ነው? ሌላው ምስክር ተለይቶ ሲጠየቅ ምን ይላል?

እውነተኛውን ሴራ ደግሞ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 23 ታገኚዋለሽ። ከአርባ የሚበልጡ ሰዎች ጳውሎስን ሳንገድል እህል ውኃ አንቀምስም ብለው ተማማሉ። የጳውሎስ እኅት ልጅ ሰማ። ምን አደረገ? ገበያ ወጥቶ አልጮኸም። ለጳውሎስ ነገረው፤ ጳውሎስም ወደ ሻለቃው ላከው። ሻለቃው እጁን ይዞ ፈቀቅ አድርጎ ጠየቀው፤ ልጁም የሰዎቹን ቁጥር፣ የሚያደቡበትን ጊዜና የሚያቀርቡትን ሰበብ ተናገረ። በዚያው ሌሊት ጳውሎስ በ200 ወታደርና በ70 ፈረሰኛ ታጅቦ ወጣ። የቱስኬጊው ነገርም የተጋለጠው እንደዚሁ ነው። ፒተር ቦክስተን የተባለ የዚያው መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ለዓመታት ለአለቆቹ በጽሑፍ አመለከተ፤ አልሰማ ሲሉት ማስረጃውን ለጋዜጠኛ ሰጠ። ይበልጥ የሚያሳዝነው፣ የጥናቱ ውጤት ድሮውንም በሕክምና መጽሔቶች ላይ በየጊዜው ይታተም ነበር። በጨለማ አልተደበቀም፤ ያነበበው ሰው ሁሉ ዝም አለ እንጂ። እውነተኛ ግፍ ብዙ ጊዜ እንዲህ በወረቀት ላይ፣ በፊርማ፣ በመዝገብ ቁጥር ተጽፎ ይገኛል።

አሁን ለእናትሽ የላክሽውን መልእክት በዚህ መዝኚው። ተናጋሪው ማን ነው? የትኞቹ መንግሥታት፣ የት ተሰብስበው ተስማሙ? እርስ በርሳቸው የሚዋጉት መንግሥታት በዚህ ብቻ እንዴት ተስማሙ? ይህ 666 ደግሞ ብዙ አገር ዞሯል። አንድ ጊዜ በዕቃ ላይ ያለው ባርኮድ ነው ተባለ፤ በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የኮሮና ክትባት ነው ተባለ፤ ዛሬ ፋይዳ ሆነ። ትናንት የተናገረው ሰው ተመልሶ «ተሳስቼ ነበር፣ ይቅር በሉኝ» ሲል ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አልሰማሁም። ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲሠራ ጠላቱ ሰንባላጥ የላከለት ደብዳቤ ያልታሸገ ነበር፤ ማንም እንዲያነበው። በውስጡም «በአሕዛብ ዘንድ ተሰምቷል፤ ጌሳምም እንዲሁ ብሏል» ይላል። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ የስልኬ መልእክቶች ትዝ ይሉኛል። ነህምያም የመለሰው አጭር ነው፦ ከልብህ ፈጥረኸዋል።

ወደ ፋይዳው ልመለስ። የሕግ መሠረቱ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ነው፤ የጣት አሻራ፣ የዐይን ብሌንና የፊት ምስል ይወሰዳል፣ ቁጥርም ይሰጣል። በራእይ ዮሐንስ ምዕራፍ 13 የተጻፈው ምልክት ግን በቀኝ እጅ ወይም በግንባር የሚቀበሉት፣ ለአውሬው ምስል ከመስገድ ጋር የተጣመረ ነው። ክህደት የሌለበት፣ ስግደት የሌለበት ምዝገባ ያ ምልክት ሊሆን አይችልም። እኛ ደግሞ በተጠመቅን ቀን በቅብዐ ሜሮን ታትመናል፤ ሳናውቅ በማሽን ፊት ስለ ቆምን የሚፋቅ ማኅተም አይደለም።

ስለ ምዝገባ ካነሣን አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው አያስተውለውም። አውግስጦስ ቄሣር ዓለሙ ሁሉ እንዲጻፍ ባዘዘ ጊዜ እመቤታችን ፀንሳ ነበር። አዛዡ ጣዖት አምላኪ፣ አገሩን የያዘ ባዕድ ንጉሥ ነው። ዮሴፍ «ይህ የቄሣር ሴራ ነው» ብሎ ናዝሬት አልቀረም፤ ሊጻፍ ወደ ቤተ ልሔም ወጣ። ጌታችን የተወለደው በምዝገባ መንገድ ላይ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 5 ደግሞ ገማልያል ሰው በሚጻፍበት ዘመን ተነሥቶ ሕዝብን ስላሸፈተው ስለ ገሊላው ይሁዳ ይናገራል፤ እርሱም ጠፋ፣ የሰሙትም ሁሉ ተበተኑ።

ይህን ስል መዝገቡ አይጠየቅ ማለቴ አይደለም። የሰው አሻራና የዐይን ምስል በማን እጅ ይቀመጣል? ማን ያየዋል? ቢሰረቅስ? እነዚህ የጨዋ ሰው ጥያቄዎች ናቸው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የወጣው እንዲህ ያለ ስጋት ስላለ ነው። እንዲያውም የሐሰት ሴራ ትልቁ ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ሁሉ ስለ 666 ሲጨቃጨቅ እነዚህን የሚጠይቅ ይጠፋል።

ሌላም ጉዳት አለው፤ ይህን ረጋ ብለሽ ስሚኝ። የሐሰት ሴራ «እነርሱ» ብሎ ይጀምርና ቆይቶ ለ«እነርሱ» ስም ይሰጣቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1903 ሩሲያ ውስጥ አይሁድ ዓለምን ሊገዙ አሲረዋል የሚል የፈጠራ ሰነድ ታተመ። በ1921 የለንደን ጋዜጣ ከአንድ የቆየ የፈረንሳይ ጽሑፍ የተገለበጠ መሆኑን ገጽ ከገጽ እያነጻጸረ አሳየ። ናዚዎች ግን ከዚያም በኋላ አሰራጩት፤ መጨረሻውን ታውቂዋለሽ። በአገራችን በዚህ ዘመን ስለ አንድ ወገን በተነገረ ወሬ ስንት ደጅ እንደ ተዘጋ እኔም አንቺም እናውቃለን።

ኃጢአት ነው ወይ ላልሽው፦ መጠራጠር ኃጢአት አይደለም፤ ያላጣሩትን አምኖ ማስተላለፍ ግን በሐሰት መመስከር ነው። ኦሪት ዘጸአት «ሐሰተኛ ወሬ አትቀበል» ስትል መናገሩን ብቻ ሳይሆን መቀበሉንም ከልክላለች። እኔም ከዚህ ነፃ አይደለሁም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በስልኬ የደረሰኝን አንድ ነገር እውነት መስሎኝ በዐውደ ምሕረት ተናገርሁ። ሐሰት ሆኖ ተገኘ። በሚቀጥለው እሑድ በዚያው ቦታ ቆሜ ተሳስቻለሁ ስል እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። የመጀመሪያውን የሰሙት ሁሉ ሁለተኛውን እንዳልሰሙ ግን አውቃለሁ፤ አሁንም ያንን የሚነግረኝ ሰው አጋጥሞኛል።

ስለዚህ መልእክቱን ለማን ለማን እንደ ላክሽ ተመልከቺ፤ ለእያንዳንዳቸው «ያላጣራሁትን ነው የላክሁት» ብለሽ ጻፊላቸው። ለንስሐ አባትሽም ንገሪ። እናትሽን ግን በክርክር አትርቺያቸው። ይህ ፍርሃት የመጣባቸው ከእምነት ፍቅር ነው፤ አባቶቻቸው ስለ ማዕተባቸው የሞቱላቸው ሰው ናቸው፤ እንዲያ ያለው ሰው አይሳቅበትም። ደግሞም የነገርሻቸው ልጃቸው ስለሆንሽ ነው ያመኑት። መጀመሪያ ይቅርታ ጠይቂያቸው። ሰንበት ከቅዳሴ መልስ ደውዪላቸውና መነጽራቸውን አድርገው መጽሐፍ ቅዱሳቸውን እንዲያወጡ ለምኛቸው። የሉቃስን ወንጌል ምዕራፍ 2 ከመጀመሪያው ቁጥር ጀምረው እርሳቸው ያንብቡልሽ፤ አንቺ አዳምጪ።