መኪናዬን ራሴ ሳጥብ የት ላይ ተሳሳትሁ?

ጥያቄ፦ የኮምቦልቻ ነዋሪ ነኝ። በቅርቡ የገዛኋትን መኪና እኩለ ቀን ላይ በዱቄት ሳሙናና በስፖንጅ ሳጥባት ቀለሟ ተጫረ፤ ነጭ ነጠብጣብም ቀረባት። ጥፋቴ ምንድን ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ቀለሙን የጫረው ስፖንጁ ሳይሆን ስፖንጁ የያዘው አሸዋ ነው። ስለዚህ ሳሙና ከመንካትዎ በፊት ከጣሪያው ጀምረው ብዙ ውሃ በማፍሰስ አቧራውን ያውርዱ፤ ከዚያም በአንድ ባልዲ የመኪና ሻምፖ፣ በሌላው ንጹሕ ውሃ አዘጋጅተው፣ ጨርቁን ወደ ሻምፖው ከመመለስዎ በፊት ሁልጊዜ በንጹሑ ውሃ ያለቅልቁት። ቸርኬውን ግን በተለየ ጨርቅ ይጠቡት፤ የሐረጎን ቁልቁለት ፍሬን እየያዘ በሚወርድ መኪና ላይ የሚከማቸው ጥቁር ብናኝ ከፍሬን ሸራ የሚወጣ የብረት ቅንጣት ያለበት ስለሆነ፣ ያው ጨርቅ ኮፈኑን ቢነካ ጉዳቱ ከአሸዋው አያንስም።

ዱቄት ሳሙና ለልብስ የተሠራ በመሆኑ የቀለሙን መከላከያ ሰም ያነሣል። ነጠብጣቡ ደግሞ በፀሐይ በጋለ ብረት ላይ ውሃው ፈጥኖ ሲተን የሚቀር ማዕድን ነው፤ ኮምቦልቻ ከደሴ ይልቅ ሞቃት ስለሆነች በማለዳ ወይም በጥላ ሥር አጥበው ወዲያውኑ በማይክሮፋይበር ጨርቅ ያድርቋት። ዘይትና ሳሙናው ወንዙን ስለሚበክል ቦርከና ዳር ወስደው እንዳያጥቧት አደራ እላለሁ። ሲጨርሱም ከግቢ ቀስ ብለው እየነዱ ፍሬኑን ጥቂት ጊዜ በመያዝ ያድርቁት።