ከታችኛው ጠርዝ ስለሚያብጥ የሰልባቲዮ ቀለም

ጥያቄ፦ የደብረ ማርቆስ ነዋሪ የሆኑ አንድ አንባቢ አሮጌ ያማሃ ዲቲ 125 ገዝተው፣ በግቢያቸው ባለች ትንሽ ወርክሾፕ የቴላዮውን (የሞተሩን አጽም) ጭራ አሳጥረውና ወንበሩን ለውጠው በራሳቸው ንድፍ ሞተር ሳይክል እየሠሩ ነው። ሰልባቲዮውን፣ ማለትም የነዳጅ መያዣውን፣ ሁለት ጊዜ ቀብተውት፣ ሁለቱንም ጊዜ ሳምንታት ሳይቆይ ከታችኛው ጠርዝ ላይ እያበጠ ተላጠ፤ በክዳኑ ዙሪያም ተሸበሸበ። እብጠቱን በመርፌ ሲወጉት ቡናማ ፈሳሽ ይወጣል። «የተሻለ ቀለም ከባሕር ዳር ላስመጣ ወይ?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለጊዜው ገንዘብዎን ይያዙ። ከጻፉልኝ ሁሉ ያጠራጠረኝ እብጠቱ ከታች ብቻ፣ በአንድ መስመር ተሰልፎ መውጣቱና ፈሳሹ ቡናማ መሆኑ ነው። ጥፋቱ የአቀባብ ቢሆን ኖሮ እብጠቱ ጎኑም ጀርባውም ላይ በተበታተነ ነበር። እንደ ግምቴ ሰልባቲዮው ከውስጥ ዝጎ፣ ሁለቱ ላሜራዎች በተበየዱበት ጠርዝ ላይ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አውጥቷል፤ ቤንዚኑም በእነርሱ እየሰረገ ከቀለሙ ሥር ይገባል። ለማረጋገጥ አንዱን እብጠት ወግተው ፈሳሹን በነጭ ጨርቅ ይንኩና ያሽትቱት። ቤንዚን ቤንዚን ካለ ጉዳዩ የቀለም ሳይሆን የብረት ነው። በክዳኑ ዙሪያ ያለው መሸብሸብ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱን በኋላ እመለስበታለሁ።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ልንገርዎ፤ ደግሜም እናገረዋለሁ። ባዶ ሰልባቲዮ ከሞላው ይልቅ አደገኛ ነው። የሚፈነዳው ፈሳሹ ሳይሆን ትነቱ ነውና፣ ተገልብጦ የፈሰሰ ሰልባቲዮ ውስጥ የሚቀረው ትነት ከአየር ጋር ተደባልቆ አንዲት ብልጭታ ብቻ ይጠብቃል። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት እየተሳበ ራቅ ካለ እሳት ሊደርስ ይችላል። እርስዎ የሚሠሩት በግቢ ውስጥ ስለሆነ፣ ማድቤት ምጣድ ተጥዶ ወይም ከሰል ተቀጣጥሎ እያለ ነዳጅ አይገልብጡ፤ ሰልባቲዮውንም አይክፈቱ።

ዝገቱ ለምን ከላይ ሳይሆን ከታች እንደሚበላ ብዙ ሰው ስለማይገባው፣ ይህን ጉዳይ ሰፋ አድርጌ ላስረዳ። የሰልባቲዮ ክዳን አየር የሚያስገባና የሚያስወጣ ትንሽ መተንፈሻ አለው። ቀን ፀሐይ ሲያሞቀው በውስጡ ያለው አየር ተስፋፍቶ ይወጣል፤ ማታ ብርዱ ሲገባ ደግሞ የውስጡ አየር ይኮማተርና የውጩን እርጥብ አየር ይስባል። እንደ ደብረ ማርቆስ ባለ፣ ቀኑ ሞቆ ሌሊቱ ከጮቄ ተራራ በሚወርድ ብርድ በሚቀዘቅዝበት ደጋ፣ ይህ መተንፈስ በየዕለቱ ይደጋገማል። የገባው እርጥበት ቀዝቃዛውን ላሜራ ሲነካ በድስት ክዳን ላይ እንደሚቋጠር እንፋሎት ወደ ጠብታነት ይለወጥና በግድግዳው ተንሸራትቶ ቤንዚኑ ውስጥ ይወርዳል። ነገሩ የሚከፋው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ሲመዝን፣ አንድ ሊትር ቤንዚን ግን ከሦስት አራተኛ ኪሎ እምብዛም አይርቅም። ስለዚህ ውኃው ከቤንዚኑ ሥር ተኝቶ ይቀራል፤ ቤንዚኑ ስለሸፈነውም ሊተን አይችልም። የነዳጅ መውጫው ቧንቧ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ ስለሚሠራ ውኃውን አያወጣውም። በዚህ ምክንያት ውኃው ዝቅተኛው ቦታ፣ ማለትም የብየዳው ጠርዝ ላይ ለወራት ተቀምጦ ብረቱን ይበላል። ሰልባቲዮው ግማሽ ጎደሎ ሆኖ በቆመ ቁጥር በውስጡ ያለው አየር ስለሚበዛ የሚገባው እርጥበትም በዚያው ልክ ይጨምራል። ቆሞ የሚሠራ ሞተር፣ እንደ እርስዎ ያለ፣ ከሚነዳው ይልቅ የሚዝገውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ነዳጁን ገልብጠው፣ የነዳጅ መክፈቻውንና ክዳኑን ፈተው፣ በሙቅ ውኃና በዱቄት ሳሙና ሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋ ደጋግመው ይጠቡት። ከዚያ የታችኛውን ጠርዝ ዙሪያውን በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት እስከ ብረቱ ድረስ ይግፈፉት። እዚህ ላይ ከእርስዎ በፊት የነበረው ሰው የሠራውን ጉድ እንደሚያገኙ እጠረጥራለሁ፤ ቀዳዳውን በስቱኮ (ከቀለም በፊት ጉድጓድ በሚሞላ ሊጥ) ደፍኖ፣ በላዩ ቀለም ነስንሶ «ተጠግኗል» ብሎ መሸጥ የተለመደ ነው። ስቱኮ ቤንዚን አያቆምም። ከጠርዙ ላይ ወፈር ያለ ስቱኮ ካገኙ ሳይራሩ አንስተው ይጣሉት።

ቀዳዳዎቹን ለማግኘት አፎቹን በጎማ ይድፈኑና በጠርዙ ላይ የሳሙና አረፋ ቀብተው በአንደኛው አፍ በሳንባዎ ይንፉ። ኮምፕሬሰር አይጠቀሙ፤ ቀጭኑ ላሜራ ይነፋና ቅርጹ ተበላሽቶ ይቀራል። አረፋ የሚያወጣውን ቦታ ሁሉ በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት። ቀጥሎ የውስጡን ዝገት ለማርገፍ ቁራጭ ሰንሰለት ከትተው በደንብ ያንቀጥቅጡት፤ ሰንሰለቱን አውጥተው እስከ አፉ ድረስ አቼቶ ሞልተው ያሳድሩት። ከዚያ ቤኪንግ ሶዳ በበጠበጡበት ውኃ ያለቅልቁትና ሳይውል ሳያድር በሙቅ አየር ያድርቁት፤ የታጠበ ባዶ ብረት እየተመለከቱት መዛግ ይጀምራልና።

ምልክት ያደረጉባቸው ቀዳዳዎች የመርፌ ጫፍ ያህል ከሆኑና ዙሪያቸው ጠንካራ ከሆነ በስታኞ (በቀላሉ ቀልጦ በሚያጣብቅ ለስላሳ ብረት) ይደፈናሉ። ሰልባቲዮውን ቀዳዳው ወደ ላይ እንዲሆን ገልብጠው፣ አየር የሚቀመጥበት ቦታ እንዳይኖር ከቀዳዳው በጥቂቱ ዝቅ እስኪል ድረስ በውኃ ይሙሉት፤ ከዚያ 100 ዋትና ከዚያ በላይ በሆነ፣ በኤሌክትሪክ በሚግል የስታኞ ማቅለጫ ይሥሩ። በእሳት አይሞክሩት። ጠርዙ በካቻቢቴ ጫፍ ሲጫኑት የሚሰረጉድ ከሆነ ግን ስታኞ አያድነውም፤ ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ሊበየድበት ይገባል። ያንን ለበያጅ ሲሰጡ የቤንዚን ሰልባቲዮ መሆኑን በቃል ይንገሩት፤ በውኃ ሳይሞላ ብየዳ እንዳያስጀምረውም አጠገቡ ይቁሙ።

ብረቱ ካልሰረገ ቀለሙ ቀላል ነው። ሲደርቅ መጀመሪያ ኤፖክሲ ፕራይመር (ከብረቱ ጋር የሚጣበቅ የሥር ቅብ)፣ በላዩ ካስፈለገ ከሁለት ሚሊ ሜትር የማይወፍር ስቱኮ፣ ቀጥሎ ፕራይመር፣ ከዚያ ቀለሙና ክሊሩ (ቀለም የሌለው የላይኛው ቅብ) ይቀባል። ስቱኮን በደረቁ ብቻ ይፈግፍጉ፤ ውኃ ይመጥጣል፣ ይዞም ይቀራል፣ በኋላም ሌላ እብጠት ያወጣል። በክረምት የሚቀቡ ከሆነ የኮምፕሬሰሩን ውኃ በየጊዜው ያፍስሱ፤ ባይቸኩሉና መስቀልን ቢጠብቁ ግን ይሻላል።

በክዳኑ ዙሪያ ያለው መሸብሸብ የመጣው ነዳጅ ሲሞሉ የሚፈስሰው ቤንዚን ናይትሮ ቀለምን (ያለ ማጠንከሪያ፣ ማቅጠኛው ሲተን ብቻ የሚደርቀውን) ስለሚያሟሟ ነው። አሮጌውን ቀለም በዲሉየንት (በቀለም ማቅጠኛ) በነከሩት ጨርቅ ይሹት፤ ጨርቁ ቀለሙን ከያዘ ናይትሮ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ይነሣ። በምትኩ ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበትን ባለ ሁለት ክፍል ክሊር፣ በቆርቆሮው ላይ በተጻፈው መጠን ልክ ለክተው ይጠቀሙ። የማጠንከሪያው ብናኝ ለሳንባ ክፉ ስለሆነ የአቧራ ማስክ አይበቃም፤ የከሰል ማጣሪያ ያለው ማስክ አድርገው ንፋስ በሚያገኝ ቦታ ይሥሩ።

ክዳኑ ላይ ያለውን ጎማም ይለውጡ። በየሱቁ በርካሽ የሚሸጠው ጎማ ቤንዚን ሲነካው አብጦ ከቦታው ይወጣል፣ ዝናቡንም ያስገባል፤ ከአሮጌ ኦሪጅናል ክዳን የተፈታ ጎማ ከእርሱ ይሻላል። የክዳኑ መተንፈሻ በቀለም አለመደፈኑንም በአፍ ነፍተው ይፈትሹ።

ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ቢያንስ አንድ ሳምንት ሳይሞሉት ያቆዩት፤ እስከዚያው ውስጡ እንዳይዝግ ጥቂት የሞተር ዘይት ያንከባልሉበት። ዘይቱን ግን ከቀለሙ በኋላ እንጂ በፊት አይጨምሩ፤ ከአፉ አንዲት ጠብታ ካመለጠች ቀለሙ በዚያ ቦታ አይይዝም። መጀመሪያ ሲሞሉትም ከማድቤቱ ርቀው፣ ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ ይሁን፤ ለአንድ ቀን ያህልም ከጠርዙ ሥር ነጭ ወረቀት ያንጥፉ። ወረቀቱ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ካዩ ያልተደፈነ ቀዳዳ ቀርቷልና ነዳጁን ገልብጠው ከሳሙናው ይጀምሩ።