ሊጡ ለምን ተጣበቀ? ሙጫውስ ለምን ጓጎለ?

እህቴ፣ ጥያቄሽ በሁለት መስመር የሚመለስ ስላልሆነ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ። የ3 እና የ7 ዓመት ልጆች ይዘሽ ቤት ውስጥ ነሽ፤ ስልክ ከመስጠት ወጥ ቤት ካለው ነገር መጫወቻ ልሥራላቸው ብለሽ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ ብትለውሺ እጃቸው ላይ እየተጣበቀ አስቸገረሽ፤ ዱቄቱ ላይ የፈላ ውሃ ጨምረሽ ሙጫ ብትሠሪ ጓጎለብሽ፤ ከሁሉም በኋላ ደግሞ ጽዳቱ አደከመሽ። እኔ ልጆቼን ያሳደግኩት በእንዲህ ያለ ነገር ነው፤ ዛሬም የእህቶቼ ልጆች ሲመጡ ጫማቸውን ሳያወልቁ «ሊጡ አለ?» ነው የሚሉኝ። ስለዚህ የማውቀውን ሁሉ ልንገርሽ።

የመጀመሪያው ምክሬ የእጅ ሥራ ዓይነት አታብዢ የሚል ነው። ብዙ እናት ያየችውን ሐሳብ ሁሉ ታስቀምጥና ለእያንዳንዱ ሌላ ሌላ ዕቃ መግዛት ሲመጣ ሁሉንም ትተወዋለች። ዱቄት፣ ጨው፣ ውሃ፣ ዘይትና ሎሚ ካለሽ ለወራት የሚበቃ ጨዋታ አለሽ። ዋናው ነገር እያንዳንዱ ሊጡ ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ነው። ያን ካወቅሽ ሲበላሽብሽ ጥለሽ እንደገና አትጀምሪም፤ እዚያው ታስተካክይዋለሽ።

አሁን ወደ ሊጡ እንምጣ። የተጣበቀው ስላልበሰለ ነው። ጥሬ ዱቄት ውስጥ ያለው ስታርች፣ ማለትም ሲበስል የሚያወፍረው የዱቄቱ ዋና ክፍል፣ ቀዝቃዛ ውሃ በደንብ አይጠጣም። ስለዚህ ልጅ በሞቀ እጁ ባሸው ቁጥር ሊጡ እየላላ እጅ ይይዛል። እሳት ላይ ሲሆን ግን ሙቀቱ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ስታርቹ ያብጥና ውሃውን ውስጡ ይይዘዋል። የበሰለ ሊጥ ለስላሳ ሆኖ እጅ የማይዘው ለዚህ ነው። ጨው ሻጋታ ቶሎ እንዳይመጣ ያደርጋል፤ ዘይት ሊጡን ያለሰልሰዋል፣ እንዳይሰነጣጠቅም ይረዳል፤ ሎሚ ደግሞ ሊጡ የሚለጠጥ እንዲሆን ያግዛል።

መጠኑ እንዲህ ነው፦ 2 ብርጭቆ የስንዴ ዱቄት፣ 1 ብርጭቆ ደቃቅ ጨው፣ 2 ብርጭቆ ውሃ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ። ብርጭቆው የፈለግሽው ይሁን፤ ብቻ ሁሉንም በአንድ ብርጭቆ ለኪ። ሁሉንም ገና እሳት ሳይነካው ድስት ውስጥ ጨምረሽ የጓጎለው እስኪጠፋ ምቺው። በዚህ ጊዜ እንደ ቀጭን አጥሚት ሆኖ ይታይሻል፣ አትደንግጪና ዱቄት አትጨምሪ። ከዚያ ዝቅ ባለ እሳት ላይ ጥደሽ በእንጨት ማማሰያ ሳታቋርጪ አማስይው።

ለተወሰነ ደቂቃ ምንም የተለወጠ አይመስልም። ቀጥሎ ከድስቱ ሥር መያዝ ይጀምርና አንዳንዱ ቦታ ወፍራም፣ ሌላው ውሃ ይሆናል። ብዙ ሰው ተበላሸ ብሎ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው። አንቺ ግን ሥሩን እየፋቅሽ ቀጥይ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሁሉም ተጠቅልሎ ማማሰያው ላይ ይሰበሰባል፣ የድስቱ ጠርዝ ንጹህ ሆኖ ይቀራል፣ ላዩ ላይ የነበረው የእርጥብ ማብረቅረቅም ይጠፋል። በማማሰያው ጫፍ ትንሽ አውጥተሽ ቀዝቀዝ ሲል በሁለት ጣት አድበልብይው። ጣትሽ ላይ ምንም ካልቀረ ደርሷል። ካልደረሰ እሳቱ ላይ ትንሽ ጊዜ ጨምሪለት። አውጥተሽ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አድርጊውና እጅ ሲችለው እስኪለሰልስ እሺው። ትኩሱን ልጆቹ እንዳይነኩት ተጠንቀቂ፤ ላዩ ቀዝቅዞ ሳለ ውስጡ ያቃጥላል።

ሲያስቸግርሽ ደግሞ እንዲህ አድርጊ። ከቀዘቀዘ በኋላም የሚጣበቅ ከሆነ ዱቄት ከመነስነስሽ በፊት ድስቱ ውስጥ መልሰሽ ለአንድ ለሁለት ደቂቃ አብስይው፤ ችግሩ ሳይወጣ የቀረው ውሃ እንጂ የዱቄት ማነስ አይደለም። ደርቆ ከተሰነጣጠቀ እጅሽን ውሃ ነክረሽ እሺው። እንደ አሸዋ የሚቆረቁር ከሆነ ጨውሽ ሸካራ ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ጨውን አስቀድመሽ በሞቀ ውሃ አሟሚና ውሃው ሲቀዘቅዝ ተጠቀሚበት። ክዳን ባለው ዕቃ የምታስቀምጪው ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው፤ ሞቅ እያለ ከተከደነ እንፋሎቱ ውሃ ይሆንና ሊጡ ላዩ ላይ ይረጥባል፣ ቶሎም ይሻግታል። በደንብ ተከድኖ ፍሪጅ ውስጥ ከሆነ ሳምንታት ይቆያል። ነጠብጣብ ካየሽ ወይም ሽታው ከተለወጠ ሳታመነቺ ጣይው።

ለቀለም የምግብ ቀለም ጠብታ ይበቃል። ከሌለ የቀይ ሥር ውሃ ሐምራዊ ነገር፣ እርድ ደግሞ ደማቅ ቢጫ ይሰጥሻል። እርድ ልብስ ላይ ከነካ በሳሙና አጥበሽ ፀሐይ ላይ አስጪው፤ ቀለሙ ብርሃን አይችልም፣ እየነጣ ይሄዳል።

ይህን ከሱቅ ከሚገዛው ያነሰ ነገር አድርገሽ እንዳታዪው። ፕሌይ ዶህ የሚባለው ታዋቂ የልጆች መጫወቻ ሊጥ ራሱ ዋና ዋና ነገሩ ውሃ፣ ጨውና ዱቄት ነው። መጀመሪያ ለልጆች አልተሠራም፤ አሜሪካ ውስጥ ሲንሲናቲ ከተማ ኩቶል የሚባል ድርጅት የግድግዳ ወረቀት ላይ የሚያርፈውን የከሰል ጥላሸት ለማጽጃ የሚሸጠው ሊጥ ነበር። ሰው ቤቱን በከሰል ማሞቅ ሲተው ገበያው ቀዘቀዘ። ኬይ ዙፋል የተባለች የሕፃናት አስተማሪ ልጆቹን ብታጫውትበት ወደዱት፤ ከዚያ በ1950ዎቹ አጋማሽ መጫወቻ ሆኖ መሸጥ ጀመረ። አስተማሪዋ የተጠቀመችው እጇ ላይ ባለው ነገር መሆኑን ስለምወደው ነው ይህን የማነሳልሽ።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ጨው ላይ ነው። በዚህ ሊጥ ውስጥ ያለው ጨው ብዙ ነው፤ ልጅ ቀምሶ መትፋቱ አያስፈራም፣ ግን ቆርሶ የሚበላ ከሆነ ጨዋታውን አቁሚ። ውሻ ካላችሁም ደብቂው፤ የጨው ሊጥ ውሻን ክፉኛ ይመርዛል። ጥሬ ዱቄትም ቢሆን በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሊኖረው ስለሚችል ልጆች ጥሬ ሊጥ እንዲቀምሱ አልፈቅድም፣ የብስኩትም ቢሆን።

ስለ አጨዋወቱ የማምንበትን ልንገርሽ። ለትንሹ ላም ወይም መኪና ሠርተሽ አታሳዪው። አንቺ ያማረ ላም ስትሠሪ እሱ የያዘውን ጥሎ «ሥሪልኝ» ይልሻል፣ ከዚያ በኋላ የምትጫወቺው አንቺ ነሽ። ይልቅ ሹካ፣ አሮጌ ማበጠሪያ፣ የጠርሙስ ክዳንና የነጭ ሽንኩርት መጭመቂያ ስጪው። በመጭመቂያው በኩል ሊጡ ፀጉር ሆኖ ሲወጣ ሲያይ ለረጅም ጊዜ ከቦታው አይነሳም። ትልቁ ግን ሥራውን ራሱ ይሥራ፤ መለካቱን፣ መጨመሩን፣ ከእሳቱ በፊት ያለውን መምታት ለእሱ ተይለት። የ7 ዓመት ልጅ ግማሽና ሩብ ምን እንደሆነ ከደብተር በላይ የሚገባው ብርጭቆ ሲይዝ ነው።

ሠርተው ማስቀመጥ ከፈለጉ ሊጡ ሌላ ነው፤ እሱ ድስት ውስጥ አይበስልም። 2 ብርጭቆ ዱቄት፣ 1 ብርጭቆ ጨው፣ ከአንድ ብርጭቆ ትንሽ ያነሰ ውሃ። ጠንከር ብሎ ይለወስና በመዳመጫ ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ይዳመጣል። የልጆቹን የእጅ አሻራ ለማስቀረት ከዚህ የተሻለ አላውቅም። መስቀያ ቀዳዳውን እርጥብ ሳለ በስትሮ ብሺው። ኦቭን ላይ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ፣ እንደ ውፍረቱ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይቆይ። መቸኮል አያዋጣም፤ ሙቀቱ ከበዛ ውስጡ ያለው ውሃ በአንድ ጊዜ እንፋሎት ይሆንና አሻራው ተነፍቶ ይበላሻል። ሲደርቅ በሁለቱም በኩል ቫርኒሽ ቀቢው፤ ያለዚያ ጨው እርጥበት ከአየር ስለሚስብ ከጊዜ በኋላ ይላላል።

ሙጫው የጓጎለው የፈላ ውሃ ደረቅ ዱቄት ላይ ስለተጨመረ ነው። የእያንዳንዱ የጓጎለ ዱቄት ላይኛው ክፍል ወዲያው ይበስልና ውስጡ ደረቅ ሆኖ ይዘጋል፤ ከዚያ ብትመቺውም አይፈታም። መጀመሪያ ግማሽ ብርጭቆ ዱቄት በግማሽ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጪ። ሌላ 2 ብርጭቆ ውሃ ስታፈዪ የበጠበጥሽውን እያማሰልሽ ቀስ ብለሽ አፍስሺበት። ነጭነቱ ቀንሶ ብርሃን የሚያሳልፍ ሲመስል ደርሷል። ፍሪጅ ውስጥ ለጥቂት ቀን ይቆያል።

በዚህ ሙጫ ፊኛ ላይ ወረቀት እየለጠፉ ጭንብልና ሳህን መሥራት ትልቁን ልጅ ቀናት ያቆየዋል። አሮጌ ጋዜጣውን በመቀስ አትቁረጡት፣ ቅደዱት፤ የተቀደደ ጠርዝ ሳሳ ስለሚል ከሚቀጥለው ጋር ይዋሃዳል፣ የተቆረጠ ግን መስመሩ ይታያል። ከሁለት ድርብ በላይ በአንድ ጊዜ አታስለጥፊ፤ ውስጡ ሳይደርቅ ይሻግታል። የፈነዳ የፊኛ ቁራጭ ግን ወዲያው ይነሳ፤ ትንሹ አፉ ካስገባው ያንቃል።

የሚበላ ነገር አብረው መጋገር ካማራቸው 1፣ 2፣ 3 የሚለውን ብስኩት አስተምሪያቸው፤ 100 ግራም ስኳር፣ 200 ግራም ቅቤ፣ 300 ግራም ዱቄት። ልጅ ከራሱ የማይረሳው ብቸኛ መጠን ይህ ነው። ብዙ አይታሽ፣ ይደርቃል። በ170 ዲግሪ ጠርዙ ወርቃማ እስኪሆን ይጋገር።

አሁን ጽዳቱ። ምንጣፍ ላይ የወደቀ ሊጥ በእርጥብ ጨርቅ አይነካ፣ ወደ ውስጥ ይገባል። ይድረቅና በብሩሽ ይነሳ። ጠረጴዛውን መጀመሪያ በደረቁ ፋቂው፣ ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ፤ ሙቅ ውሃ ዱቄቱን መልሶ ሙጫ ያደርገዋል። የዱቄት ወይም የስታርች ውሃ ሲንክ ውስጥ አትድፊ፣ ሥር ይዘቅጥና ቱቦ ይዘጋል። ልብስ ላይ ደም፣ ወተትና እንቁላል በቀዝቃዛ ውሃ ይጀመራሉ፤ ትኩስ ውሃ ፕሮቲኑን አብስሎ ያስቀረዋል። ዘይት ሲሆን ውሃ ሳይነካው ፈሳሽ ሳሙና አድርገሽበት ቆይተሽ እጠቢ። የሰም ቀለም ከሆነ በበረዶ አጠንክረሽ ፋቂ፣ የቀረውን ከላይና ከታች ወረቀት አድርገሽ በካውያ አስመጥጪው።

አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ አብሮ መደባለቅ ሁሉም ሰው ይመክራል፤ እኔ አልመክርሽም። አረፋው ለልጆች ደስ ይላል፣ ለጨዋታ ይሁን። ለጽዳት ግን አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል፤ አረፋው ሲያልቅ የሚቀረው ደካማ የጨው ውሃ ነው። ለየብቻ ተጠቀሚባቸው፤ ሶዳ ላረረ ድስት ከውሃ ጋር አፍልተሽ፣ አቼቶ ደግሞ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ለሚጋገረው ነጭ ነገር። እብነ በረድ ላይ አቼቶ አታድርጊ፣ ይበላዋል። በረኪናን ግን ከአቼቶም ሆነ አሞኒያ ካለው ማጽጃ ጋር በምንም ምክንያት እንዳትቀላቅዪ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል፣ በተለይ መስኮት በተዘጋበት መታጠቢያ ቤት። ልጆች ባሉበት ቤት በረኪና የለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ አይቀመጥም፤ ይህን የምነግራት እናት ሁሉ እሺ ትለኛለች፣ ስሄድ ግን ጠርሙሱን እዚያው አገኘዋለሁ፤ እባክሽ ዛሬውኑ አንሺው።

ሊጡን ከሠራሽ በኋላ ከድስቱ ጠርዝ አልለቅ ካለሽ የዱቄቱን ዓይነት ጻፊልኝ። የስንዴ ካልሆነ ውሃው በሌላ መጠን ነው የሚገባው፤ እሱን ለብቻው እጽፍልሻለሁ።