የእንግሊዝኛው ሽዋና የእኛዋ «ኧ»

እህቴ፣ «ሽዋ የሚባለውን ድምፅ በቃል ውስጥ እንዴት ልለየው? ፊደሉስ የትኛው ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። ጅማ ውስጥ እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ይህ ጥያቄ ያልተነሳበት ክፍል ትዝ አይለኝም።

ሽዋ በእንግሊዝኛ ቃል ውስጥ ደከም ብሎ የሚባል አጭር አናባቢ ድምፅ ነው። መጀመሪያ ፊደል መፈለጉን ተዪው። አምስቱም የእንግሊዝኛ አናባቢ ፊደላት ሽዋ መሆን ይችላሉ። በ«ኧባውት» (about) ኤ ነው። በ«ቴይከን» (taken) ኢ፣ በ«ፔንሰል» (pencil) አይ፣ በ«ሌመን» (lemon) ኦ፣ በ«ሰርከስ» (circus) ደግሞ ዩ።

ድምፁን ግን አፍሽ ያውቀዋል። እስቲ «ነገረ» በይ። ሦስቱም ፊደላት የያዙት አናባቢ ከሽዋ ጋር በጣም ይቀራረባል። «ኧ» የምትባለዋ ፊደላችን ማለት ናት። «ዶክተር» ስንልም «ተ» ላይ አለ። ልዩነቱ እንግሊዞች ቶሎ፣ ለስለስ አድርገው ያልፉታል።

ዋናው ቁም ነገር ይሄ ነው፦ ሽዋ ጎላ ተደርጎ በሚጠራው ክፍለ ቃል ላይ አይመጣም። ስለዚህ መጀመሪያ የጎላውን ፈልጊ። እኔ ተማሪዎቼን ጠረጴዛ አስመታቸዋለሁ። ሙዝን በእንግሊዝኛ ጥሩ ስላቸው ሁሉም «ባናና» ይላሉ፤ ሦስቱንም እኩል። አይፈረድባቸውም። የአማርኛ ፊደልም ሆነ የአፋን ኦሮሞ ቁቤ እንደተጻፈው ነው የሚነበበው፤ ልጆቹ እንግሊዝኛውንም እንደዚያው ያነቡታል። መሃሉ ላይ ብቻ ጠረጴዛውን ምቱ እላለሁ። ከዚያ ሰሌዳው ላይ «በናነ» ብዬ እጽፋለሁ። ወዲያው አፋቸው ይስተካከላል! በዚያች ሰዓት የክፍሉን ፊት ማየት እስካሁን ደስ ይለኛል።

የጎላው ክፍል ቦታ ሲቀይር ሽዋውም ይዞራል። ፎቶ ለሚለው ሙሉ ቃል «ፎተግራፍ» ይላሉ፤ ሽዋው ሁለተኛው ኦ ላይ ነው። ፎቶ ማንሳት የሚለው ሙያ ሲሆን ግን «ፈቶግረፊ» ይሆናል። ያው ኦ ጎልቶ ወጣ፣ ጎረቤቶቹ ደከሙ። ፊደሉን የሙጥኝ ያለ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚጠፋው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። ያልጎላ ሁሉ ሽዋ አይደለም። «ሮቦት» ላይ ሁለተኛው ኦ አይጎላም፤ ግን ድምፁን እንደያዘ ነው። «ቲኬት» የምንለውን እነሱ «ቲክት» ብለው ወደ ሳድሳችን ያስጠጉታል።

ስትጠራጠሪ መዝገበ ቃላት ክፈቺ። ከጎላው ክፍል በፊት ከላይ ትንሽ ቀጥ ያለች ጭረት አለች። ሽዋው ደግሞ የተገለበጠች ትንሿ የእንግሊዝኛ ኢ (ə) ናት። ዛሬ ማታ «ነገ» በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጀምሪ፦ «ተሞሮው»። ሽዋው የመጀመሪያው ኦ ላይ ነው።