እብጠቱ ቢጎድልም ጉልበቱ ገና ነው

ልጆቼ፣

አንድ የደብረ ብርሃን ኳስ ተጫዋች «ጉልበቴ አብጦ ነበር፤ አሁን ጎድሏል፣ አያመኝም። እሑድ ልጫወት?» ብሎ ጠየቀኝ። ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል። ብዙ የወጣት ጉልበት ለዘለቄታው የሚበላሸው በመጀመሪያው ጉዳት አይደለም፤ ሕመሙ ጠፋ ተብሎ በተገባበት ጨዋታ ነው።

የጭን አጥንት ጫፍ ድቡልቡል፣ የቅልጥም አናት ደግሞ ጠፍጣፋ ነው። አንዱ በሌላው ላይ ይንከባለላል እንጂ አልተቆላለፈም፤ አጥብቆ የያዛቸው ጅማት ነው። የጎን ጅማቶቹ ጉልበት ወደ ውስጥም ወደ ውጭም እንዳይጣመም ይይዛሉ። መሐል ላይ ሁለት መስቀለኛ ጅማቶች አሉ፤ የኋለኛው ጅማት ቅልጥም ወደ ኋላ እንዳይሸሽ፣ የፊተኛው ወደ ፊት እንዳይንሸራተትና እንዳይጠማዘዝ ያግዳል። የፊተኛው ርዝመት 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው።

ይህ የፊተኛው ጅማት አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው ማንም ሳይነካችሁ ነው። ሮጦ ድንገት መቆም፣ አቅጣጫ መቀየር፣ ከዝላይ በአንድ እግር ማረፍ ይበቃል። ክረምቱ ወጥቶ የዋልካው ሜዳ ሲደርቅ ከብት የረገጠው ሁሉ ይጠጥራል፤ ታኬታው እዚያ ተቀርቅሮ ሲቀር ገላ ይዞራል። «ቀጭ» ይላል፤ ጉልበቱም በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይነፋል። እንዲህ ፈጥኖ የሚመጣ እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ደም ነው።

ደሙ በሳምንታት ውስጥ ይመጠጣል። ጅማቱ ግን በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ ስለሆነ የተበጠሱት ጫፎች የሚያገናኛቸው የረጋ ደም አያገኙም፤ በራሳቸው ተያይዘው የሚድኑት ጥቂቶች ናቸው። የውስጥ ጎኑ ጅማት ደም በደንብ ስለሚያገኝ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናል። ሰዎች ይህንን ከዚያ ጋር ያደባልቁታል፤ «የእገሌም ተበጥሶ ድኗል» ይላሉ።

በቀጥታ መንገድ ስትሄዱ ጡንቻ ብቻውን ይበቃል፤ ስለዚህ የዳናችሁ ይመስላችኋል። ድንገት ስትዞሩ ግን ጉልበት ይከዳችኋል። በከዳ ቁጥር በሁለቱ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ ያለው ልም አጥንት፣ ሜኒስከሱ፣ ተቆንጥጦ ሊቀደድ ይችላል። ሜኒስከስ ደም የሚያገኘው በውጭ ጠርዙ ብቻ ነው፤ ወደ ውስጥ የተቀደደው አይጠግም። ከዚያ የአጥንቱ ልባስ ይፋቃል፤ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ደረጃ መውረድ የሚያቅተው ለዚህ ነው። የሚቆጨኝ ይኸኛው ጉዳት ነው፤ የመጀመሪያውን ማንም ላያስቀረው ይችላል፣ ሁለተኛውን ግን ትዕግሥት ያስቀረዋል። የዛሬ ልጆች ደግሞ ትዕግሥት አጥታችኋል፤ ማስታገሻ ተወግቶ ሜዳ መግባትን ጀግንነት ታደርጉታላችሁ።

«ራጅ ደህና ነው» ማለት አጥንት አልተሰበረም ማለት ነው፤ ራጅ ጅማት አያሳይም። ባለሙያ ጉልበቱን ከ20 እስከ 30 ዲግሪ አጥፎ፣ ጭኑን በአንድ እጅ ይዞ ቅልጥሙን ወደ ፊት ይስባል፤ ከጤነኛው እግር ጋር ያነጻጽራል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕመሙ የቋንጃን ጡንቻ ስለሚያጠብቀው ጉዳቱ ሊደበቅ ይችላል፤ እብጠቱ ሲጎድል ተመልሳችሁ ታዩ። ወጌሻን አልንቅም፣ የቆየ ሙያ ነው። ያበጠ ጉልበት ግን አይታሽም፣ አይጎተትም፤ በቀርከሃ ጠብቆ የታሰረ እግር ደም ተከልክሎ እስከ መቆረጥ ይደርሳል።

ቀዶ ሕክምና ለሁሉም አያስፈልግም። ኳስ የማይጫወት ሰው ጡንቻውን አጠንክሮ ሊኖር ይችላል እላለሁ። ግን በመንዝ ተዳፋት ሞፈር ይዞ የሚዞር ገበሬስ? የእሱ ጉልበት ከተጫዋቹ ባልተናነሰ ይጠማዘዛል፤ እሱም እየከዳው ከሆነ ወደ አጥንት ሐኪም ይሂድ።

ሁሉም በቅድሚያ ጉልበቱን ሙሉ በሙሉ መዘርጋት አለበት። ተረከዝ ሥር ፎጣ አድርጋችሁ የጭን ጡንቻን ለ5 ሰከንድ ማጥበቅ፣ 10 ጊዜ፣ በቀን ደጋግሞ። ያልተዘረጋ ጉልበት ያነክሳል፣ ጭኑም ይሟሽሻል። ከዚያ ማጠፍ፣ በአንድ እግር መቆም፣ ቁጢጥ ማለት። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ከ9 ወር በፊት ውድድር የለም፤ የጭኑም ጥንካሬ ከጤነኛው እግር 90 በመቶ መድረስ አለበት።

ሴት ተጫዋቾች ለዚህ ጉዳት ከወንዶች ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው፤ የትምህርት ቤት አሠልጣኞች ይህን ያዙልኝ። ጉዳትን ለመከላከል የተዘጋጀው የፊፋ 11 ፕላስ ማሟሟቂያ 20 ደቂቃ ይፈጃል፤ ቢያንስ በሳምንት ሁለት ጊዜ አሠሯቸው። ከዝላይ ሲያርፉ ጉልበታቸው ይታጠፍ፣ በእግር ጣቶች አቅጣጫ ይሁን፤ ወደ ውስጥ የሚገባባትን ልጅ አስቁማችሁ እንደገና አዘልሏት።